ለዓይን ያልተቀረጸ ድንጋይ

ለመቀረጽ የሚመች ድንጋይ በሞላበት አገር፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ላይ አንድ የተቀረጸ ፊት አለመገኘቱ፣ ዘወትር እያየነው የምናልፍ እኛ ልብ ባንለውም፣ ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው። ከአምቦ አጠገብ ከሰንቀሌ የሚወጣው የአሸዋ ድንጋይ፣ ገሚሱ ነጣ ያለ፣ ገሚሱም ወደ ቢጫና ወደ ቀይ የሚያደላ፣ መሮ ሲያርፍበት እንደ ጥቁር ድንጋይ የማያስቸግር፣ ጠራቢው የፈለገውን ጠርዝ ያለ ብዙ ድካም የሚያወጣለት ድንጋይ ነው፤ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ እየተጓዘም የስንት ሕንጻ ግንባር ሆኗል። ነገር ግን ከሆለታ ተነሥቶ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አልፎ አምቦና ጉደር ድረስ የሚጓዝ ሰው፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በዝግባና በጥድ መካከል ብቅ የሚሉትን አጥቢያዎች አንድ በአንድ እየተሳለመ ቢያልፍ፣ በጉልላቱ ላይ መስቀልን፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በቀለም የተሳሉ መላእክትንና ሰማዕታትን ያገኛል እንጂ፣ ከድንጋይ የወጣ የሰው ገጽ ወይም የአውሬ አካል አያገኝም።

ፈጥኖ የሚመጣው መልስ፣ በዚህ አውራጃ የመካከለኛው ዘመን ሕንጻ ስላልቀረ ነው የሚለው ነው። እውነትነት አለው። በ16ኛው መቶ ዓመት የግራኝ አሕመድ ጦር ሸዋን ሲያቋርጥ የተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ናቸው፤ ርእሰ አድባራት ደብረ ጽዮን የምትባለው የአዲስ ዓለም ማርያምም ብትሆን፣ ዐፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ ተነሥተው አዲስ መናገሻ ሊያደርጓት አስበው ከጀመሩት ሥራ የተገኘች የትናንት ሕንጻ ናት። ሆኖም ይህ መልስ ጥያቄውን ያሳጥረዋል እንጂ አይፈታውም፤ የመካከለኛው ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሳይፈርሱ በቆሙበት በላስታና በትግራይም፣ ሕዝብ በሚያልፍበት በውጭው ግድግዳ ላይ የሰው ምስል ማግኘት ብርቅ ነውና።

በዚያው ዘመን አውሮፓ ሌላ መንገድ ይዛ ነበር። በፈረንሳይ አገር በኦተን ካቴድራል ጊዝለቤርቱስ የተባለ ጠራቢ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1130 ገደማ፣ ከምዕራቡ በር በላይ ዕለተ ፍርድን ቀርጾ፣ ጻድቃንን በአንድ ወገን፣ ኃጥአንን በሌላ ወገን አቁሞ፣ ስሙንም ከክርስቶስ እግር ሥር ጽፎ አኖረ። በእንግሊዝ አገር በኪልፔክ በምትገኝ አነስተኛ የገጠር አጥቢያ ደግሞ ከጣራው ሥር ዙሪያውን፣ ውሻና ጥንቸል ጎን ለጎን፣ አፉን የከፈተ አውሬ፣ የሚያስቅና የሚያስደነግጥ ፊት ተቀርጿል። ታላቁ ጎርጎርዮስ የተባለው የሮም ጳጳስ፣ ሥዕል ፊደል ለማያውቀው ሰው ንባብ ነው ብሎ ካስተማረ ከ500 ዓመት በኋላ፣ ድንጋዩ በእርግጥ ለአላፊ አግዳሚው መጽሐፍ ሆኖ ነበር። ይህን ያልወደዱም አልጠፉም። የክሌርቮው አበ ምኔት ቅዱስ በርናርዶስ በ1125 ገደማ በጻፈው መልእክት፣ መነኮሳት በሚያነቡበት ደጀ ሰላም እነዚያ አስፈሪ አራዊት ምን ሊሠሩ ገቡ፣ መነኩሴው ሕገ እግዚአብሔርን ማሰላሰል ትቶ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲያነብ ይውላልና ብሎ አዝኗል። የበርናርዶስን ቁጣ የሚያነብ ሁሉ ግን፣ እነዚያን ቅርጾች በደንብ እንዳያቸው፣ ዓይኑም ከእነርሱ መላቀቅ እንዳቃተው ይረዳል። በአውሮፓ ወዳጁም ጠላቱም በአንድ ነገር ተስማምተው ነበር፤ የተቀረጸ ድንጋይ ለዓይን የተሠራ ነው።

የእኛ ጠቢባን መቅረጽ አቅቷቸው አልነበረም። ከአክሱም በስተምዕራብ በጎበድራ ከ3 ሜትር በላይ የምትረዝም አንዲት አንበሳ በዓለት ላይ ተቀርጻ ትገኛለች፤ የአገሩ ሰው፣ ቅዱስ ሚካኤል ታግሎ ከዓለቱ ጋር ሲያላትማት ምስሏ በዚያው ታትሞ ቀረ ይላል። በይሓ፣ ከክርስትና በፊት አልመቃህ ለተባለው አምላክ ከተሠራው መቅደስ ዘመን የቀሩ፣ የዋልያ ምስል የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ወደ አባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ገብተው በክብር ኖረዋል። በደብረ ዳሞ ጣራ እንጨቱ ሁሉ በአራዊት ተጊጧል። በላሊበላም በቤተ ማርያም በምዕራቡ በር በኩል ፈረሰኞች ከአውሬ ጋር ሲዋጉ በድንጋይ ላይ ይታያሉ። እጁ ነበረ፣ መሣሪያው ነበረ፣ ድንጋዩም ነበረ። ስለዚህ የሚጠየቀው ጠራቢው ለምን አቆመ የሚል ሳይሆን፣ ለማን ይቀርጽ ነበር የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚመልሰው የላሊበላው ቤተ ጎልጎታ ይመስለኛል። በዚህ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ፣ በቅስት ሥር፣ በቁመተ ሰው ልክ የቆሙ ቅዱሳን አሉ፤ በአገራችን የመካከለኛው ዘመን የድንጋይ ቅርጽ ከነርሱ የሚተካከል የለም። ሰው እነርሱን ሲያይ ፊታቸውን፣ ልብሳቸውን፣ አቋማቸውን ያደንቃል፤ እኔ ግን አሠራራቸው ይበልጥ ያስደንቀኛል። ሠዓሊ ግድግዳው ካለቀ በኋላ ይመጣል፤ ቀለሙ ካላማረው ያጠፋዋል። ቤቱን ከዓለት የሚፈለፍል ጠራቢ ግን ከላይ ወደ ታች፣ ከበር ወደ ውስጥ እየቆፈረ ሲሄድ፣ ግድግዳው ከሚያርፍበት ልክ ሳይደርስ፣ ቅዱሱ ወደ ፊት የሚቆምበትን ያህል ውፍረት አስቀድሞ አስቦ መተው አለበት። አንድ ስንዝር አልፎ ከቆረጠ ቅዱሱ ጠፋ፤ የሚመለስ ነገር የለም። እንግዲህ ያ ቅዱስ ከክፍሉም ከቤቱም መፈጠር በፊት፣ በጠራቢው ኅሊና ቆሞ ነበር ማለት ነው። በዙሪያው ያለው ድንጋይ ሁሉ ተነቅሎ ሲወጣ እርሱ ሳይነካ ቀረ። ዛሬም ከግድግዳው አልተለየም፣ ግድግዳውም ከተራራው አልተለየም፤ ከቅዱሱ እጅ እስከ ላስታ ምድር ልብ ድረስ ያለው አንድ ያልተከፈለ ቀይ ድንጋይ ነው።

ይህን የመሰለ ሥራ የተቀመጠውም ብርሃን በሚጠፋበት ስፍራ ነው። ቤተ ጎልጎታ የንጉሥ ላሊበላ መቃብር ያለበት ነው ተብሎ ስለሚታመን ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ የተከበረ ነው፤ ሴቶችም አይገቡበትም። የምእመናኑ እኩሌታ ፈጽሞ ሊያዩት በማይችሉበት፣ የቀሩትም በጧፍ ብርሃን ካልሆነ በማይለዩት ክፍል ውስጥ፣ በቁመተ ሰው ልክ ቅዱስ የቀረጸ ጠቢብ፣ ተመልካችን አስቦ ሠራ ብሎ መናገር አይቻልም። ካህናቱ በመቋሚያ ተደግፈው ሌሊቱን በማኅሌት እንደሚቆሙ፣ እነዚያም ቅዱሳን ተመልካች ኖረም አልኖረም ቆመዋል። ለመታየት የተሠራ ምስል የሚያየው ሲያጣ ሥራው ይጎድልበታል። ለመቆም የተሠራ ምስል ግን በጨለማም ሥራውን አያቋርጥም፤ ጠራቢውም ይህን ሳያውቅ ያን ያህል አይደክምም ነበር።

ቅርጹ ወደ ውስጥ ገብቶ ለምን በግድግዳው ላይ እንደ ቆየ፣ ለምንስ ራሱን ችሎ እንዳልቆመ የሚገልጽ ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም በሥዕላችን ሕግ ውስጥ ይገኛል። የጥንት ሠዓልያን ጻድቁን ሁልጊዜ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑ ሙሉ ሆኖ ይሥሉታል፤ ኃጥኡን፣ አሳዳጁን፣ ሰይጣኑን ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ብቻ ያሳዩታል። ይህን ሕግ የያዘ ሕዝብ ቅዱሱን ዙሪያውን በሚዞሩት ሐውልት መልክ ቢያቆመው ምን ይከተላል? ተሳላሚው አንድ እርምጃ ወደ ግራ በወሰደ ጊዜ ቅዱሱ በአንድ ዓይን ይቀራል፤ ጥቂት እልፍ ሲል ደግሞ ጀርባውን ይሰጠዋል። በግድግዳ ላይ ተጣብቆ የወጣ ቅርጽ ግን ጀርባ የለውም፤ ፊቱን ወደሚጸልየው ሰው ከማድረግ በቀር ሌላ አቋም አያውቅም። ስለዚህ የጎልጎታ ቅዱሳን ይህ ሕግ ሳይጣስ ምስል ሊደርስበት የሚችለውን የመጨረሻ ግዘፍ የደረሱ ናቸው፤ ከዚያ አንድ መሮ ወደ ኋላ ቢቀጥል ቅዱሱ ከዓለቱ ይለያል፣ ጀርባም ያበቅላል። የጎበድራዋ አንበሳ በጎኗ መቀረጿን ሳስብ፣ ሕጉ ገና ሳይጻፍ በእጅ ይታወቅ ነበር ለማለት እደፍራለሁ።

የተቀረጸ ምስልን የሚከለክለው የኦሪት ትእዛዝ በቂ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን ያው ኦሪት በታቦቱ ላይ ኪሩቤል እንዲሠሩ አዝዟል፤ ሰሎሞንም በቤተ መቅደሱ አንበሶችንና በሬዎችን አስቀርጿል፤ የአገራችን ሊቃውንት ደግሞ ኦሪትን ከማንም ክርስቲያን ይልቅ ጠንቅቀው የሚያውቁ ናቸው። የምስል ክርክር በእኛም ዘንድ በጽኑ ተካሂዷል። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ለእመቤታችን ሥዕል ክብር እንዲሰጥ ሲያዝዙ፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ለሥዕልም ለመስቀልም አንሰግድም ብለው ከባድ መከራ ተቀበሉ። ፍሬ ጽዮን የተባለው መነኩሴ በእንጨት ገበታ ላይ የሣላት ድንግል ማርያም፣ በጣና በዳጋ እስጢፋኖስ የምትገኘው፣ የዚያ ዘመን ፍሬ ናት። ከዚያ ወዲህ ሥዕል አሸነፈ፤ በክቡ ቤተ ክርስቲያንም የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሸማ ላይ ተሥሎ በተለጠፈ ሥዕል ተሸፈነ። ድንጋይና ጭቃ ሸማ ለበሰ። አምቦ አጠገብ በወንጪ ሐይቅ ደሴት ላይ ያለው ቂርቆስም ሆነ ማንኛውም የዚህ አካባቢ አጥቢያ ይህንኑ ሥርዓት የወረሰ ነው።

ያም ሆኖ የመሮው ሥራ ከአጥቢያው ፈጽሞ አልራቀም። በአምቦ አካባቢ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ጠራቢው ለበሩ ራስጌ የተመረጠውን ድንጋይ መሬት ላይ አጋድሞ፣ በክርና በከሰል አስምሮ፣ መስቀል ሲያወጣ ቆሞ ያየ ሰው፣ የሚያየው የላሊበላን እጅ ነው። መስቀሉን አይነካውም። መሮውን ከመስመሩ ውጭ አሳርፎ፣ አራቱን ማዕዘን ቀስ በቀስ ዝቅ እያደረገ፣ ትቢያውን በትንፋሹ እፍ እያለ፣ የጣት ውፍረት ያህል ሲወርድ ይቆማል፤ መስቀሉ ከፍ ያለው ዙሪያው ስለ ተዋረደ ነው። የመጨረሻው ሥራ ጠርዙን በአሸዋ ማለስለስ ነው፤ ያን ሲያደርግ ቀይ ዱቄቱ ክንዱ ድረስ ይለብሰዋል።

በዘመናችን ደግሞ ዙሪያውን የሚዞሩት ሐውልት ወደ ቅጥራችን ቀርቧል። በአዲስ አበባ የመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግንባሩ በቅዱሳን ሐውልት የተጌጠ ነው። ታላቅነቱን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን የሚሳለመውን ሕዝብ በደንብ ለተመለከተ፣ ሰው ሁሉ ደጃፉን፣ መቃኑን፣ ግድግዳውን ስሞ ከሐውልቶቹ በታች ያልፋል፤ እጁን ወደ እነርሱ የሚዘረጋ የለም። የአቡነ ጴጥሮስም ሐውልት የቆመው ከአደባባይ ነው፤ ይህም ተገቢ ሆኖ ይታየኛል፤ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በፋሽስት ጥይት የወደቁት በሕዝብ ፊት ነውና፣ ምስላቸውም ከየትም ወገን ሊታይ ይገባል። በዚያው ክረምት፣ ሰማዕቱ በተገደሉ በሳምንታት ውስጥ፣ አምቦ አጠገብ በቦዳ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተወለደ፤ አድጎም በ«ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ለዚያ ጳጳስ ሥጋና ድምፅ ሰጥቶ መድረክ ላይ አቆመው። መድረክ ዘወር የሚባልበት፣ ፊትም ጎንም ጀርባም የሚታይበት ስፍራ ነው፤ ጥርጣሬና ፍርሃት እዚያ ሊገለጡ ይችላሉ። መቅደስ ይህን አይቀበልም፤ ባይቀበልም ቴያትሩን አይኮንንም። ባለቅኔው ዛሬ ያረፈው በዚያው በሥላሴ ካቴድራል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በአጥቢያዎቻችን ከድንጋይ የተቀረጸ ፊት የለም ብዬ ጀመርሁ፤ በውጭ ለሚመለከት ሰው እውነት ነው። በእያንዳንዱ መቅደስ ውስጥ ግን፣ በመንበሩ ላይ፣ ከእንጨት ወይም ከድንጋይ የተጠረበ፣ ታቦትም የምንለው ጽላት አለ፤ ያለ እርሱ ቅዳሴ የለም፣ ቤቱም ቤተ ክርስቲያን አይባልም። የተሰየመበት ቅዱስ ስም ይቀረጽበታል፣ ብዙ ጊዜም ምስል ይቀረጽበታል፤ ጳጳስ ባርኮት ከገባ በኋላ ከካህናት በቀር የሚያየው የለም። በጥምቀት ሲወጣም በግምጃ ተሸፍኖ በካህኑ ራስ ላይ ነው፤ ሕዝቡ እልል ብሎ የሚያጅበው፣ ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ሆኖ የሚሰግድለት፣ ያላየውን ቅርጽ ነው። የኪልፔክ ገበሬ የአጥቢያውን ድንጋይ ከጣራው ሥር ቀና ብሎ ያነብ ነበር፤ የአምቦ ገበሬ የአጥቢያውን ጽላት አንድም ቀን ሳያይ፣ ልጁን በስሙ ያስጠምቃል፣ ሲጣላ በስሙ ይምላል፣ ሲሞት በቅጥሩ ይቀበራል። አውሮፓ የጠራቢዋን ሥራ ወደ ውጭ አወጣች፤ እኛ ወደ ውስጥ አስገብተን ሸፈንነው፤ መሸፈኑም ምስሉን መጥላት አይደለም፣ ለምስሉ ከሚሰጠው ክብር ሁሉ የሚበልጠው ነው።

የሚገርመው፣ አውሮፓም ይህን ሳትፈልግ የተማረችበት ጊዜ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1766 የኦተን ካህናት የጊዝለቤርቱስን ሥራ የቀደመ ዘመን ጅልነት አድርገው ቆጥረው በኖራ ደፈኑት። ጥቂት ቆይቶ የፈረንሳይ አብዮት ተነሣ፤ በየካቴድራሉ የቅዱሳን ራስ በመዶሻ ሲወድቅ፣ የኦተኑ ዕለተ ፍርድ በኖራው ውስጥ ተሰውሮ ዳነ፤ በ1837 ኖራው ተነሥቶለት ታየ። ከግድግዳው ርቆ ወጥቶ ኖራ ያልሸፈነው የክርስቶስ ራስ ግን ቀድሞ ተቆርጦ ነበር፤ ወደ ቦታው የተመለሰው በ1948 ነው።

የእኛ የተሸፈኑት ደግሞ በሌላ መንገድ ተፈተኑ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከተዘረፈው ቅርስ መካከል ታቦታት ነበሩ፤ 11 ታቦታት ዛሬም በለንደን በብሪትሽ ሙዚየም ይገኛሉ። ሙዚየሙ አያሳያቸውም፣ ፎቶግራፍ አያነሣቸውም፣ ባለሙያዎቹም አያዩአቸውም፤ በተዘጋ ክፍል ተቀምጠው ሊቀርቧቸው የሚፈቀድላቸው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ካህናት ብቻ ናቸው። መላው የዓለም ቅርጽ ለሰው ዓይን እንዲቀርብ የተሠራው ያ ታላቅ ቤት፣ በእነዚህ ፊት የራሱን ሕግ አጥፎ የእኛን መቅደስ ሕግ ለመጠበቅ ተገድዷል። በኤዲንብራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተገኘው ታቦት በ1994 ዓ.ም. ሲመለስ የአዲስ አበባ ሕዝብ በሺህ እየሆነ ወጥቶ ተቀብሎታል፤ ከግምጃው በቀር ያየው አልነበረም፣ ላየው የወጣም አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 የወጣው የብሪትሽ ሙዚየም ሕግ ቅርስን ከስብስቡ ማውጣትን በእጅጉ ይገድባል፤ ለመቀመጥ የማይገባውን ዕቃ ግን፣ የተማሪዎች ጥቅም ሳይጎዳ፣ ማሰናበት ይፈቅዳል። ሊታይ፣ ሊጠና፣ ሊነካ ከማይችል ዕቃ ይልቅ ይህ ቃል የሚመጥነው ሌላ ምን ሊኖር እንደሚችል፣ ለታቦታቱ መመለስ የሚሟገቱ ሰዎች ጠይቀዋል፤ ጥያቄው ዛሬም በሙዚየሙ ባለአደራዎች ፊት ነው።